የተለየው ጣሳ

"እዚያው ቁሚ! አንድ እርምጃ እንዳትጨምሪ!"

ኡሙሃኒ ደብተሮቿን በሻሿ ጠቅልላ እንደያዘች ከቁልቋሉ አጥር መግቢያ ላይ ቀጥ አለች። ዘነበች የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ደጃፉን ሞልታ ቆማለች።

"የሸረፈዲን ልጅ ነኝ፣ እትዬ። ጋሽ አራጌ ለአባቴ ቃል ገብተውለት..."

"አውቃለሁ። ሁለት ላሞቼን ፈጅቶ በምትካቸው አንቺን ላከልኝ። ትታለቢያለሽ?"

ሸረፈዲን የዘነበችን ባል የአራጌን ላሞች ከሮቢት በስተምሥራቅ፣ ቆላው ውስጥ፣ ስድስት ዓመት አርብቶለታል። ቅቤውንም በየገበያው ይልክለት ነበር። በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ሲቀር ላሞቹ ከራሱ ከብቶች ጋር አለቁ። ኡሙሃኒን እዚሁ ቆቦ አስጠግታ ታስተምራት የነበረችው አክስቷ ዓሊማም እህል ፍለጋ ወደ ደሴ ሄደች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ይህ ካመለጣት ሌላ ዓመት የሚያስተምራት አቅም በቤታቸው አልቀረም።

ዘነበች አጥሩ ጥግ ያለውን ግራር በአገጯ አሳየቻት።

"መዋያሽ እሱ ነው። ማደሪያሽ የበጎቹ ጋጥ፤ በጎቹ እንደሆኑ ተሸጠዋል። እስከ ገበያ ቀን ብቻ ነው ታዲያ። የዚያን ቀን ከአገርሽ ሰዎች ጋር ትመለሻለሽ። አራጌ ጎብዬ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ሲመጣ የምነግረው እኔ ነኝ።"

ጥቂት ቆይታ የማሽላ ቂጣ ቁራሽ በአሮጌ የቆርቆሮ ሳህን፣ ውኃ ደግሞ በጣሳ አድርጋ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። በማግስቱም ያው ሳህን፣ ያው ጣሳ መጣ። ሌላ ሰው አይነካቸውም፤ ከቤቱ ዕቃም አይቀላቀሉም። ኡሙሃኒ ይህን ስታይ ልቧ ሞቀ። አራጌ እነሱ ዘንድ ሲመጣ እናቷ ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ የምታኖረውን ድስት ታወርዳለች፤ ዶሮውንም የሚያርድ ክርስቲያን ጎረቤት ይጠራል። ይህ ክብር እዚህም ደረሰኝ አለች።

"እትዬ፣ አላህ ይስጥልኝ" አለች ሳህኑን ስታነሳ። "በዚህ ክፉ ጊዜ ለእስላም ዕቃ ስለለዩልኝ። እናቴም ለጋሽ አራጌ እንደዚሁ ናት።"

ዘነበች ልጇን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረች።

"ብዙ አታውሪ። ብዪና ወደ ትምህርትሽ ሂጂ።"

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአጥሩ ወዲያ የዘነበችንና የጎረቤቷን የየሺን ድምፅ ሰማች።

"ዘነቡ፣ ያቺ ልጅ ዛሬም አለች? የረሃብተኞቹ መጠለያ በተስቦ እያለቀ አንቺ ሰው ታስጠጊያለሽ?"

"ማን አስጠጋት? ባሌ ነው እንጂ! ባለፈው ወር ሁለት የጎረቤት ልጆች ቀብረን የኔዋን ላስበላ? ጣሳና ሳህኗን ለይቻለሁ። በሄደች ማግስት ጉድጓድ ነው የምከታቸው። ጅሏ ደግሞ ለሃይማኖቷ መስሏት መረቀችኝ!"

የሺ ሳቀች። ዘነበችም ሳቀች።

ኡሙሃኒ ገብታ ጣሳውን ከእግራቸው ሥር ልትወረውረው አሰበች። በመንገዱ ላይ ግን አንድ ሰውዬ ሚስቱን በጀርባው አዝሎ ወደ መጠለያው እየተጎተተ ያልፍ ነበር። እስኪያልፍ አየችው። ከዚያ ገብታ ግራሩ ሥር ተቀመጠች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራጌ አካፋውን ተሸክሞ መጣ። ግራሩ ሥር ሳህን ይዛ ሲያያት አካፋውን ጣለው።

"ምንድን ነው ይሄ? የሸረፈዲን ልጅ እንደ ውሻ ደጅ ትበላለች? ዘነበች!"

ዘነበች ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወጣች። "እኔማ..."

"ስድስት ዓመት ቤቱ በልቻለሁ! የቱን ፊት ይዤ ነው የማገኘው? አንቺ ተናገሪ ልጄ፣ አትፍሪ። ማነው እዚህ ያስቀመጠሽ?"

ዘነበች ኡሙሃኒን አየቻት። ከመጣች ጀምሮ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኡሙሃኒ እውነቱን ብትናገር ዛሬ ከመሶቡ ትቀርባለች። አራጌ ግን ከነገ ወዲያ ተመልሶ ጎብዬ ነው፤ እሷ የምትቀረው ከዘነበች ጋር ነው።

"እኔው ነኝ፣ ጋሼ። ዕቃ ይለይልኝ ብዬ እትዬን ያስቸገርኩ። ለሃይማኖቴ ብዬ ነው።"

"ደጁስ?"

"ለማጥናት ብርሃን አለው።"

አራጌ ጎንበስ ብሎ አካፋውን አነሳ። ዘነበች ወደ ቤት ዞረች።

"ደግሞ እትዬ" አለች ኡሙሃኒ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ፈተናሽን ሳትጨርሺ ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንዳትዪ ብለውኛል።"

ዘነበች ባለችበት ቀረች።

"እውነት?" አለ አራጌ። "ይሄን እንኳን ደግ አደረግሽ።"

ሕፃኗ በእናቷ ክንድ ላይ ተነጫነጨች። ዘነበች ፊቷን ሳትመልስ፣ "ብያታለሁ" አለች፤ ገብታም በሩን በኃይል ዘጋችው።

ኡሙሃኒ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስተካክላ የቀረውን ቂጣ ቀስ እያለች በላች።