አሮጌው ሳጥን ሳይነሳ

በ1980 ዓ.ም. ናዝሬት የነበረው የመስኖ ፕሮጀክታችን አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። በእርዳታ የመጣ ነው፤ ጥቁር መስታወቱ ላይ በነጭ መስመር ይሥላል፣ ከጎኑ በሽቦ የታሰረች ማውስ አለችው። ቢሮው በሙሉ «አይጧ» ይላታል።

ዓርብ በአምስት ሰዓት ጓድ ዘገዬ ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ይዘው ይመጣሉ። መሣሪያው ሥራ ላይ ከዋለ ፈርመው ይመለሳሉ፤ ካልዋለ ጭነውት ይመለሳሉ። ደብዳቤው የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው። እሱ ከተጫነ እኔም ወደ መዝገብ ቤት እመለሳለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት የፋይል ቁጥር ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ አምስተኛውን አልፈልግም።

ሥራው እንዲህ ነው። የመቂ ማሳዎች ካርታ መስታወቱ ላይ አለ። የማውሷን ቁልፍ አንድ ጥግ ላይ ተጭነው ሲጎትቷት ሳጥን እየተዘረጋ እጅን ይከተላል፤ ሲለቋት በሳጥኑ ውስጥ የገባው መሬት ስንት ሄክታር እንደሆነ ይጽፋል። ሄክታሩን መቁጠር በሁለት ቀን አለቀልኝ። ሳጥን መሣልም ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ማጥፋቱ ነው፤ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አሮጌው ሳጥን ጠፍቶ አዲሱ መታየት አለበት።

መጀመሪያ አሮጌውን በጥቁር መስመር ደገምኩበት። ጠፋ። ከሥሩ የነበሩት የውኃ ቦዮችም አብረውት ጠፉ። አሥር ጊዜ ጎትቼ ሳበቃ መቂ አንድም ቦይ አልቀረላትም።

ካርታ ነዳፊያችን ጋሼ ገብረወልድ በትከሻዬ በኩል አይተው ሳቁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም በምላጭ ሲፍቁ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እኔም ስፍቅ ከሥር ያለውን መስመር እነካለሁ» አሉ። «ይኼ ማሽን ሌላው ሁሉ ቀርቶበት የእኔን ጥፋት ተማረ?»

ሐሙስ ዕለት ከኮምፒዩተሩ ጋር ከመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገለብጥ መስመር አገኘሁ። በጥቁር ላይ ሲያልፍ ነጭ ያደርገዋል፣ በነጭ ላይ ሲያልፍ ጥቁር። ያንኑ መስመር እዚያው ቦታ ላይ ከደገሙት ሁሉም እንደነበረው ይመለሳል፤ ቦዮቹም ጭምር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለጋሼ ገብሬ ሦስት ጊዜ አስረዳኋቸው፤ በሦስተኛው «ገባኝ እኮ፣ ልቀቂኝ» አሉኝ። ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች እንደገና ጻፍኩት።

ዓርብ በሦስት ሰዓት ሞከርኩት። ሳጥኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሃያ ጊዜ ጎተትኩ፣ ሃያ ጊዜ ብልጭ አለ። መነሻው ጥግ ላይ ከምትታይ አንዲት ነጭ ነጥብ በቀር የሚቀር ነገር የለም።

«ትናንት አልጠፋም አልሽ፣ ዛሬ አልቆም አልሽ» አሉ ጋሼ ገብሬ። «የምትፈልጊው ይለይ።»

አራት ሰዓት ላይ ሱሌማን መጣ። መቂ ላይ ማሳ በካስማና በገመድ የሚሸነሽን ቀያሽ ነው። «አካም፣ ጋሼ! ሮማን፣ ምነው ፊትሽ?» አለ። ሁለት ጥቅል ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ገመዱን ሳየው አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ማሽኑ የሚሠራውን እኛ ራሳችን በተራ እንሥራው።

ወንበሩን መነሻ ጥግ አደረግኩት። ጋሼ ገብሬ ተንቀሳቃሹ ጥግ ሆኑ። አራት ጎን አያስፈልገንም፤ ከወንበሩ እግር እስከ ጋሼ ጫማ ወለሉ ላይ የሚዘረጋ አንድ ገመድ ይበቃል።

«ሱሌ፣ ‹ሣል› ስልህ ጋሼ በቆሙበት ቦታ ገመድ ከሌለ ትዘረጋለህ፤ ካለ ትጠቀልላለህ። ማሰብ ክልክል ነው።»

«ስብሰባ ላይ በደንብ ሠልጥኛለሁ» አለ።

ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ። «ሣል!» ሱሌማን ዘረጋ። «ጥግ ወደ አዲስ ቦታ ይሂድ!» ጋሼ ገብሬ በከባድ ክብር ሁለት እርምጃ ወደ መስኮቱ ሄዱ። «አሮጌውን ለማጥፋት፣ ሣል!»

ሱሌማን ጋሼ ወዳሉበት አየ። ገመድ የለም። ሁለተኛውን ጥቅል ፈትቶ ዘረጋ።

«አዲሱን ለማሳየት፣ ሣል!»

አሁን ገመድ አለ። ጠቀለለው። የመጀመሪያው ገመድ ግን እንደዚያች ነጭ ነጥብ ማንም ሳይነካው ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ብልጭ አለና ጠፋ!» ብለው ጋሼ ገብሬ ጮኹ። «ራሱ ነው! አንቺ ልጅ፣ ራሱ ነው!»

«እንዲህ አድርጌ መቂ ላይ ብሠራ ገበሬው በካስማው ይለኝ ነበር» አለ ሱሌማን። «ገመዱ ሳይጠቀለል ካስማ ይነቀላል እንዴ? ካስማው ከተነቀለ ገመዱ የት እንደነበር በምን ታውቂያለሽ?»

ጥጉን አስቀድሜ እያዛወርኩ አሮጌውን ሳጥን በአዲሱ ቦታ ላይ ስፈልግ ነበር። የሁለት መስመር ቅደም ተከተል ተዛንፏል፤ ሌላ ስሕተት የለም። እየሳቅኩ ሁለቱን ኮምፒዩተሩ ላይ አለዋወጥኩ። «እንደገና!» አልኩ። «አሮጌውን ሣል! አሁን ጥግ ይሂድ! ሣል!» ጋሼ ገብሬ ሄዱ፣ ሱሌማን ጠቀለለ፣ ዘረጋ። «ሣል! ይሂድ! ሣል!» ፈጠንኩባቸው፤ ፈጠኑ። ጋሼ በመስኮቱና በመደርደሪያው መካከል ይሮጣሉ፣ ሱሌማን በጉልበቱ እየዳኸ ይከተላቸዋል። በሩ ሲከፈት ማናችንም አልሰማንም።

ጓድ ዘገዬ ነበሩ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድመዋል። አንድ እርምጃ ገቡና ጫማቸው ገመዱ ውስጥ ቀረ።

«ምንድነው የምትሠሩት?»

«ጓድ፣ አይንቀሳቀሱ!» አለ ሱሌማን ከወለሉ ላይ። «መጀመሪያ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ነው የሚኬደው።»

ጠቀለለላቸው። እኔ ግን ገና መስታወቱ ላይ አልሞከርኩትም፤ ሳቄ እዚያው ቆመ። ማውሷን ያዝኩ፣ ተጫንኩ፣ ጎተትኩ። ሳጥኑ ተዘረጋ። ቆመም። ወደ ግራ ሳብኩት፣ ተከተለኝ፤ አጠበብኩት፣ ጠበበ። ቦዮቹን በዓይኔ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንዱም አሉ። ለቀቅኩ። «14 ሄክታር» አለ።

«እስቲ እኔ» አሉ ጓድ ዘገዬ።

ጎተቱ። ለቀቁ። «22 ሄክታር።» ጎተቱ፣ ለቀቁ። ካርታውን በሙሉ ሳጥን ውስጥ ከተቱት፣ መልሰው አንዲት የሽንኩርት መደብ እስኪያክል አሳነሱት፣ እንደገና አሰፉት። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አልሰሙትም። ከንፈራቸውን ነክሰዋል፤ ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል።

ቅጹን አቀረብኩላቸው። ብዕሩን በግራ እጃቸው ይዘው «ሥራ ላይ ውሏል» ከሚለው ሥር ፈረሙ፤ ቀኝ እጃቸው ከማውሷ አልተነሳም።

ጋሼ ገብሬ ፊርማውን በመነጽራቸው መረመሩ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁና አጥፈው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። ከዚያ የጓድ ዘገዬን ትከሻ መታ አደረጉ።

«ጓድ፣ ፈርመዋል አይደል? እንግዲህ ይነሱልን፤ ተራው የእኔ ነው፣ ቀጥሎ የሱሌማን። ከፈለጉ ከሱ በኋላ ይሰለፉ።»

ጓድ ዘገዬ ተነሱና ከሱሌማን ኋላ ተሰለፉ።