ከቡሬ ሆድ የወጣው

ሰው በመናቅ በዛወርቅን የሚስተካከል ቦንጋ ላይ አልተወለደም። ሠላሳ ዓመት ቅቤ ስትሸጥ የናቀችው ሁሉ ቢሰለፍ ከገበያው ተነስቶ ዋጫ ከተማ ይደርሳል። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ደግሞ የዛሬውን ገዢ ነው። ድሮ ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ ስትሰጥ ሰው አመስግኖ ይቀበል ነበር። ኋላ ደመወዝተኛው በዛና "እትዬ፣ ቅጠሉ ቦርሳዬን ያቆሽሽብኛል፣ ፌስታል የለዎትም?" ማለት መጣ።

"ቅጠል የሚያቆሽሸው ቦርሳ ምን ዓይነት ቦርሳ ነው!" አለች። አለች እንጂ፣ ገዢው ወደ ጎረቤቷ ሲያዘነብል እሷም ጥቁር ፌስታል በእስር በእስሩ መግዛት ጀመረች። አፉን የምታስረው ከማዳበሪያ ጆንያ በመዘዘችው ሰማያዊ ክር ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ታጠብቀዋለች። የእሷ ቅቤ ከሌላው ተለይቶ እንዲታወቅ ትፈልጋለች፤ ኩራት የማይገባበት ነገር የላትም።

ቅቤው የሚወጣው ከቡሬ ነበር። ቡሬ ላሟ ናት፤ ቀን ቀን በከተማው ቦይ ዳር ስትግጥ ውላ ማታ ራሷ በር ላይ ትቆማለች። ባለፈው ሳምንት መብላት አቆመች፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ ጋሽ ለገሰ ጨጓራዋን ሲከፍተው ከሰው ጭንቅላት የሚበልጥ የፌስታል ድቡልቡል ተንከባሎ ወጣ።

"ሣር መስሏት ይሆን?" አለች በዛወርቅ፣ እንባዋ እየወረደ።

"ሣርማ ታውቃለች፣ እትዬ። ፌስታሉ ላይ የቀረው ጨውና የምግብ ሽታ ነው የሚጠራቸው። ሊልሱት ብለው ይውጡታል።" እጁን እየታጠበ ወደ ጊደሯ አየ። "ይቺን ደግሞ ይጠብቋት።"

ጊደሯ የቡሬ የመጨረሻ ልጅ ናት። ከእንግዲህ በዛወርቅ ወተት ካየች ከእሷ ነው፤ ሌላ ከብት የላትም።

የዚያኑ ዕለት በከተማው አዳራሽ አንድ ፕሮጀክት የጠራው የአካባቢ ጥበቃ ውይይት እንዳለ ሰምታ ነበር። ድቡልቡሉን በሳፋ ይዛ፣ ጊደሯን እየነዳች ሄደች። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ሣር ላይ ለቀቀቻትና ገባች።

ግድግዳው ላይ በላስቲክ ባነር "ተጠያቂው ማነው?" ተብሎ ተጽፏል። ነገ የሚጣል ባነር ነው። በያንዳንዱ ተሰብሳቢ ፊት አንድ የፕላስቲክ ውሃ፣ በላስቲክ የታሸገ ማስታወሻ ደብተር፣ በላስቲክ የታሸገ ቲሸርት ተቀምጧል። ልዑልቃል የተባለው ባለሙያ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት፣ ስለ አዌርነስና ስለ ባለድርሻ አካላት እያስረዳ ነው። በዛወርቅ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ሳፋውን ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ገለበጠችው።

"ይኸው፣ ተጠያቂውን ከላሜ ሆድ አወጣሁላችሁ!"

ሽታው የፊተኛውን ወንበር አስለቀቀ። እሷ ግን እየላጠች፣ በጣቷ እያነሳች ታሳያለች። መጀመሪያ ያገኘችው፣ እዚያው የተቀመጠችው ልብስ ሻጯ ሠናይት አንድ ካልሲ እንኳ የምትቋጥርበትን ባለ አበባ ፌስታል ነው። የብስኩት ላስቲክ አገኘች። የዳይፐር ቁራጭ ስታነሳማ አዳራሹ ፊቱን አዞረ።

"እኔ ሸጥኩ እንጂ ቦይ ውስጥ አልጣልኩ!" አለች ሠናይት።

"ያለ ፌስታል ማን ይሸጥልናል?" አለ አንድ መምህር።

"እናቴ፣ ይረጋጉ። ቆሻሻ ማንሳት የሌላ ክፍል ሥራ ነው" አለ ልዑልቃል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በዛወርቅ አፏን ሞልታ ልትሳደብ አየር ስባ፣ አንድ ፌስታል ደግሞ ከመሃል መዘዘች። ጥቁር ነው። አፉ ላይ ሰማያዊ ክር፣ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ። የገዛው ሰው ክሩን መፍታት ታክቶት ከጎን ቀዶት ኖሯል።

ማንም አላየም። እጇን ብትጨብጥ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን የጋሽ ለገሰ ቃል ትዝ አላት። ቡሬ ይህን ፌስታል የላሰችው ቅቤ ስለሸተታት ነው፤ ቅቤው ደግሞ የራሷ ነበር። የገዛ ወተቷ ሽታ ጠርቶ ገደላት። በዛወርቅ እንዲህ ያለ እፍረት በዕድሜዋ አላየችም።

"ይቺ የኔ ናት" አለች። "የኔ ቋጠሮ ናት።"

አዳራሹ ተነፈሰ። መጀመሪያ ሠናይት ሳቀች፣ ቀጥሎ መምህሩ፣ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ስሟን ጠይቆ ጻፈ። አንድ ጥፋተኛ ተገኘ፤ የቀረው ሕዝብ ነጻ ወጣ። ልዑልቃል "ስለ ግልጽነትዎ" ብሎ በላስቲክ የታሸገ ቲሸርት ሸለማት፤ ከጎኗ ቆሞም ፎቶ ተነሳ።

"ደስ አላችሁ አይደል?" አለች በዛወርቅ። ንቀቷ ተመልሶላታል። "እኔ የራሴን ይዤ እሄዳለሁ። የእናንተን ቆሻሻ የማነሳ ገረድ አይደለሁም፤ የየራሳችሁን አንሱ!"

ባለ ሰማያዊ ክሩን ፌስታል በመሀረቧ ቋጥራ፣ ቀና ብላ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ልዑልቃል "እስኪጸዳ ለሻይ እንውጣ" ሲል ሰማችው። የራሱን ሊያነሳ ከወንበሩ የተነሳ ሰው አልነበረም። ጽዳት ሠራተኛዋ ተጠርታ፣ የጠረጴዛውን ጉድ በአንድ ትልቅ ፌስታል አፍሳ በጓሮ በር ይዛው ወጣች።

በዛወርቅ አዳራሹን ዞራ ጀርባው ስትደርስ ትልቁ ፌስታል ቦዩ ዳር ተዘርግፏል። ጊደሯ አንገቷን አቀርቅራ ትልስ ነበር፤ የእናቷ ሽታ አለበት። በዛወርቅ እየጮኸች ሮጠች። ደርሳ መንጋጋዋን ስትፈለቅቅ ከአፏ ዳር ባለ አበባው ፌስታል በጥቂቱ ይታያል፤ ጎተተችው፣ ተቀዶ ቁራጩ እጇ ላይ ቀረ። የቀረውን ጊደሯ ዋጠችው።