አደባባዩ ላይ የጠፋው ሞተር

አባቴ እንደሚለው፣ ሞተሩ አደባባዩ መሃል ሲደርስ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ነዳጅ ሰጠ፣ እምቢ አለ፤ ማርሽ ቀነሰ፣ እምቢ አለ። በቀረችው ግፊት መኪናዋን ወደ ዳር ሊያወጣት ሲታገል አንድ ከባድ መኪና መጣ።

አጠገቡ ተቀምጣ የነበረችው አክስቴ እንደምትለው ደግሞ፣ አባቴ አደባባዩ መሃል ሲደርስ ደነዘዘ። «ወንድም ጋሼ!» ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ አልመለሰላትም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። ከባድ መኪናው ፍሬን ይዞ ሲቆም ከእሷ በር አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ሁለቱም ውሸት አያውቁም። አክስቴ በተለይ ለመዋሸት ምክንያት የላትም፤ የምታፈላውን ችግኝ ገበያ የሚያደርስላት እሱ ነው። እሱ ካልነዳ የምትጎዳው እሷ ናት። ስለዚህ እንዲህ ብላ ቆረጠች፦

«የነዳጁ ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ ይፈታ። ተዘግቶ ከተገኘ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ንጹሕ ከሆነ ግን መንዳት ታቆማለህ።»

«ይፈታ» አለ አባቴ። ከጉርምስናው ጀምሮ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ መጣ። ሰፈሩ «ፈጣኑ» ይለዋል፤ ሲጣደፍ ያየው ሰው ስለሌለ ነው።

«ዛሬ ያልቃል?» አለችው አክስቴ።

«ኧረ መጀመሬ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አላት።

መኪናዋ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ መንዳትም የተማርኩባት ፒክአፕ ናት። ግቢያችን ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል፤ እሷም ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማለች። ፈጣኑ የፊቱን ጎማ በክሪክ አነሳ፣ አካሏን የተሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ በወፍራም ግንድ አስደገፈ፣ ባትሪውን ነቀለ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ ወሸቀ።

«የእጅ ፍሬን ተይዟል?»

«ተይዟል፤ ማርሽም ገብቷል» አለ አባቴ።

እኔና ፈጣኑ በጀርባችን ተንሸራተን ከስር ገባን። ፊልትሮው ከሹፌሩ ወንበር በታች ሻንሲው ጎን ላይ ተጣብቋል። ዝገቱ እሱንና ቱቦውን አንድ ብረት አስመስሏቸዋል፤ በሁለት ጫፉ ቱቦውን የሚያስሩት ዳዶዎች ማዕዘናቸው ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ይሄን ከተገጠመ ጀምሮ ዞር ብሎ ያየው የለም» አለ ፈጣኑ በሹክሹክታ።

«ሰምቻለሁ!» አለ አባቴ ከውጭ። «ጆሮዬም ደህና ነው፣ ይመዝገብልኝ!»

«እሳት ብንሰጠው ቶሎ አይለቅም?» አልኩት ፈጣኑን።

«ይለቃል። እኛንም አብሮ ያነድደናል። ቤንዚን ነው፣ ልጄ።»

የዝገት ዘይት አርከፈከፈበት፣ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገ፣ ዘይቱ እስኪሰርግ ጠበቀ። የእኔ ሥራ አንድ ነበር፦ እሱ ዳዶውን ሲያዞር ፊልትሮውን በሌላ መፍቻ ጥርቅም አድርጌ መያዝ። ካመለጠኝ ቱቦው አብሮ ይጠመዘዛል፤ ከተጠመዘዘ ይሰበራል። የመጀመሪያው ዳዶ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ አውጥቶ ለቀቀ። ቀዝቃዛ ቤንዚን በክንዴ ተንቆርቁሮ ብብቴ ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው አልነቃነቅ አለ። ከውጭ ደግሞ ክርክሩ ተነሳ።

«ጠራሁህ እኮ! አንዴ አቤት ማለት ያቅታል?»

«ሞተር ጠፍቶብኝ፣ ከባድ መኪና እየመጣብኝ፣ አቤት እመቤቴ ልበልሽ?»

«እግርህን ስታነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ፍሪሲዮን ልረግጥ ነዋ! መች ነድተሽ ታውቂያለሽ? ቆይ ላሳይሽ።»

የሹፌሩ በር ተከፈተ። መኪናዋ በክብደቱ ረገብ አለች። የፈጣኑ እጅ መፍቻው ላይ ደረቀ።

«ጋሼ፣ ኧረ ይውረዱ—»

«እንዲህ ተቀምጬ» አለ አባቴ ከላያችን፣ ድምፁ በንዴት ሞቆ፣ «ማርሹን እንዲህ አወጣሁ። ከዚያ—»

የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። ክሪኩ ተንሸራተተ፣ ግንዱ አዘመመ፣ ሻንሲው ወርዶ ደረቴን ነካኝ፤ ከዚያ ተጫነኝ፤ እዚያው ቆመ። የኋላው ጎማ ድንጋዩን ትንሽ ገፍቶ ተደግፎበታል። አየር ልስብ ስሞክር ደረቴ የሚነሳበት ቦታ አጣ።

«ፍሬን!»

ፈጣኑ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። የእጅ ፍሬኑ ተንቋቋ። ፈጣኑ በጎኑ ተንፏቆ ወጣና ክሪኩን መልሶ አቆመ፤ ብረቱ ከደረቴ ላይ ሲነሳልኝ በብብቴ ይዞ ጎተተኝ።

አባቴ ወርዶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከስር እንደነበራችሁ አውቅ ነበር እኮ» አለ። «አውቅ ነበር።»

«ተናዶ ነው!» አለች አክስቴ ተሽቀዳድማ። «እኔ ነኝ ነገር የቆሰቆስኩት። ሰው ሲናደድ ያደርገዋል።»

እውነቷን ሊሆን ይችላል። እኔም ተናድጄ የማላደርገው ነገር ነው ብዬ አልምልም። አባቴ ግን የመኪናዋን ቁልፍ ለፈጣኑ ሰጠው።

ፈጣኑ ግንዱን አስተካከለ፣ ሌላ ድንጋይ ጨመረ፣ የመኪናዋን በሮች ቆለፈ። ከዚያ እኔን አየኝ። ተከትዬው ገባሁ። ከብዙ ዘይትና መዶሻ በኋላ ሁለተኛውም ዳዶ እያለቀሰ ዞረ፤ ቱቦው ደህና ነበር።

ፈጣኑ ይዞት የመጣውን አዲስ ፊልትሮ አንስቶ ነፋው፤ ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል ሽው ብሎ ወጣ። የአሮጌውን አፍ በጨርቅ ጠርጎ ነፋ። ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ምንም አልወጣም። ጣሳ ላይ ሲደፋው እንደ ጭቃ የወፈረ ቡናማ ዝቃጭ ተንጠባጠበ።

«በዚህ ፊልትሮ አደባባዩ ድረስ መሄዷም ይገርማል» አለ።

አክስቴ ጣሳውን አየች፣ አንገቷን ደፋች። «ይቅር በለኝ፣ ወንድም ጋሼ። ያለ ጥፋትህ ነው የከሰስኩህ። ነገ ችግኙን ጭነን እንሄዳለን።»

አባቴ ዝቃጩን ቆሞ አየው። እፎይ ይላል፣ አክስቴንም ትንሽ ይቀልድባታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ሸሚዜ ላይ የታተመውን የሻንሲውን ዝገት በእጁ አራገፈልኝ፤ የማይለቀውን ደጋግሞ ጠረገው።

«አደባባዩ ላይ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም» አለ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ ብሎ። «የዛሬው ግን የእኔ ነው። ነገ ችግኙን የምታደርሰው አንተ ነህ፣ ልጄ። እኔ ከዛሬ ወዲያ መሪ አልይዝም።»