ፎቅ የሌለው ቤት እንግዳ

ሶስና በወጣቶች ልውውጥ ወደ ሰሜን አውሮፓ ስትሄድ፣ በምትኳ ድሬዳዋ የመጣው ሊፍት ነበር።

ጠዋት በአይሱዙ ደረሰ። ይዞት የመጣው አቶ ናሁሰናይ ነው፤ የትምህርትና የወጣቶች ልውውጥን በሚደግፈው ኤጀንሲ ውስጥ የአስተናጋጅ ቤተሰቦች ኃላፊ። የኤጀንሲ ሰዎች በሰዓቱ የሚደርሱት እንግዳ ሲያመጡ ብቻ ነው። ቤቱ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ፎቅ የሌለው ቤት ነው። የሶስና እናት ወይዘሮ ይርገዱ ደጃፉ ላይ ቆመው እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ግራጫ ነው። ውስጡ ሰባት ቁልፎች አሉት፤ ከበሩ በላይ ደግሞ ቁጥር የሚበራበት ትንሽ መስኮት።

«እኔ የጠበቅሁት ልጅ ነበር» አሉ።

«ወጣት ነው» አለ አቶ ናሁሰናይ። «ሃያ ዓመት አልሞላውም። ያደገው ሶስና በሄደችበት የወጣቶች ማእከል ነው። እሷ የእሱን ቦታ ትይዛለች፣ እሱ የእሷን። ልውውጥ ማለት ይኸው ነው።»

«ምንድን ነው የሚበላው?»

«እናንተ የምትበሉትን። መመሪያው እንደ ልጅዎ እንዲይዙት ያዛል። የዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ ይመለሳል፣ እሷም ያን ጊዜ ትመለሳለች። አንዱ ሳይነሳ ሌላው አይነሳም።»

የሶስና አልጋ ከክፍሏ ወጥቶ ሊፍቱ ገባ። ሶኬት አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው አሻ ልታየው መጣች። እጇን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጋ መለሰችው።

«አቦ ይርገዱ፣ እንግዳሽ ቀዝቃዛ ነው» አለች። በድሬዳዋ ቀትር ይህ ሙገሳ ነው።

በማግስቱ ምንጣፍና ትራስ ይዛ ገብታ ተቀመጠች። ሌሎቹ የሰፈሩ ሴቶች ተከተሏት። ሊፍቱ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ሰው ገብቶ የትም መሄድ ሳይፈልግ ሲቀመጥ አይቶ አያውቅም። ቁልፎቹን ተራ በተራ አበራላቸው። አሻ «ተወው፣ ደርሰናል» አለችው። ከዚያ በኋላ አረፈ። ሴቶቹ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ፣ ውሃ በየትኛው ሰፈር እንደጠፋ አጫወቱት። ፈጢራ ሲመጣ መጀመሪያ ለእሱ ተቆርሶ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ወጥተው በሩ ይዘጋል፣ ሲከፈት ሳህኑ ባዶ ነው። አሻ ጨው አንሶት እንደሆነ ትጠይቀዋለች።

ወይዘሮ ይርገዱ ግን አንድም ቀን አልገቡም። ደፉ ላይ በርጩማ አድርገው ነው የሚያጫውቱት።

«ምነው ይርገዱ፣ ጠላሽው እንዴ?» አለች አሻ።

«አልጠላሁትም። የልጄ ቦታ ስለሆነ ነው።»

ሶስና ዓርብ ዓርብ ትደውላለች።

«ሥራው እንዴት ነው ልጄ?»

«ጥሩ ነው ማሚ። ሰዎቹን አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።»

«ተሸክመሽ?»

«አይ። ይገቡና ይቆማሉ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

«ሰላም ይሉሻል?»

«ፊቴን አያዩትም። ሁሉም የሚያዩት ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን ቁጥር ነው።»

«ቁጭ በይ የሚልሽስ የለም?»

«እዚህ እንደዚያ አይባልም ማሚ። የደረሰ ይወርዳል።»

ሰው አገር ብዙ ዓመት የኖሩ ሰዎች ይህን ለማስረዳት ወፍራም መጽሐፍ ይጽፋሉ። ሶስና ስልክ ሳይቆጥርባት ጨረሰችው።

እየዋለ ሲያድር ወሬዋ አጠረ። አንድ ዓርብ ሳትደውል ቀርታ እናቷ ደውለው ስታነሳ «አራተኛ» አለች። «ይቅርታ ማሚ፣ ለምጄው ነው» አለች ቀጥላ። በሌላው ዓርብ «አምስተኛ» አለች፤ ይቅርታም አልጠየቀች። ወይዘሮ ይርገዱ የትምህርቱ ዓመት የሚያልቅበትን ቀን ከዚያ ወዲያ ሳይጠሩት ውለው አያውቁም። ከዚያ ቀን ብትዘገይ የምትመለሰው ልጃቸው እንደማትሆን ገብቷቸዋል።

ቀኑ ደረሰ። አይሱዙው ደጅ ቆመ። የሶስና አንሶላ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አራት ጫኝና አውራጆች ሊፍቱን እየገፉ ግቢው በር ላይ አደረሱት። አቶ ናሁሰናይ ሰዓቱን አየ፤ ሊፍቱ አሁን ከተነሳ ሶስና አሁን ትነሳለች አለ። ሰፈሩ ሊሸኝ ወጥቷል። ሊፍቱ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ዘጋ። ስንብት እንደሆነ ሁሉም ገባው።

ወይዘሮ ይርገዱ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ይህንን ነበር። አፋቸውን ከፈቱና፣ እንግዳ ከደጃፍ ሲነሳ ማንም የሚለውን አሉ።

«ምነው፣ ምን ያስቸኩልሃል? ትንሽ አትቆይም?»

«ምሳ ሳትበላ?» አለች አሻ። «አቦ በሞቴ።»

ሊፍቱ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጫኝና አውራጆቹ እጃቸውን አንጠልጥለው አዩት።

አቶ ናሁሰናይ ቆቡን አወለቀ። «ምን አደረጉ ወይዘሮ ይርገዱ? አስተናጋጅ ከጋበዘና ተሳታፊ ከተቀበለ ቆይታው ይራዘማል። ሌላ ዓመት ሆነ።»

«ለወጉ ነው ያልኩት። እንግዳ ሲነሳ ዝም ይባላል?»

«እሱ ወጉን አያውቅም። ባደገበት አገር ቆይ ያለው ሰው የለም።»

«አንተስ? አንተም አታውቅም?»

«እኔ አውቃለሁ። መመሪያው ግን አያውቅም።»

«መመሪያህ እናት የለውም?» አለች አሻ።

«አልተጠቀሰም» አለ አቶ ናሁሰናይ፤ መኪናው ላይ ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አሻ መጥታ «ግቢና ውጣ በይው» አለች። «በሞቴ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንስቼዋለሁ።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። አሻ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቀላል ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ይርገዱ ቤታቸው የገባን ሰው ውጣ ብለው አያውቁም። ባላቸውን እንኳ ያባረሩት ምሳ አብልተው፣ ሸሚዙን ተኩሰው ነው። ሊፍቱ ሲያያቸው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ቀዝቃዛ አየር ላከላቸው።

«ልጄ ናፈቀችኝ» አሉት። ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣላቸውም።

የበሩት ቁልፎች ሁሉ ጠፉ። ቀጥሎ ሰባተኛው ብቻ በራ።

ወይዘሮ ይርገዱ ጫማቸውን ደፉ ላይ አወለቁና ገቡ።

በሩ ተዘግቶ ሲከፈት ካፖርት የለበሱ ሰዎች ገቡ። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ሁሉም ቀና ብለው ቁጥሩን አዩ። ውስጡ የሶስና የፀጉር ቅባት ይሸታል። ሰዎቹ በየፎቁ ወረዱ፤ ሰባተኛው ላይ ወይዘሮ ይርገዱ ብቻቸውን ቀሩ። በሩ ተከፈተ። አልወረዱም።

«ሰባተኛ» አለ ከግድግዳው የልጃቸው ድምፅ።

ወይዘሮ ይርገዱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ዘረጉ።

«ሰባተኛ» አለ ድምፁ ደግሞ።

«የምወርድበት የለኝም» አሉ። «አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

በሩ እንደተከፈተ ብዙ ቆየ። ከታች የሚጠብቁ ሰዎች ብረቱን መቱት።

«ማሚ» አለች ሶስና። «ቸኩለሻል?»

«አልቸኮልኩም።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆዪ።»

በሩ ተዘጋ።

ቀትር ላይ አሻ ትራሷን ይዛ መጣች። ቤቱ ክፍት ነው። የሊፍቱ በር ተዘግቷል፤ የወይዘሮ ይርገዱ ጫማ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ትንሿ መስኮት ላይ ሰባት ቁጥር በርቷል። አሻ ሁለት ጊዜ ተጣራች።

ከበላይዋ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል፣ እርግብ እንኳ ተጎንብሳ በምትገባበት ቦታ፣ ለእንግዳ ወንበር ሲጎተት ተሰማት። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ወንበር ተጎተተ። የሁለት ሴቶች ሳቅ መጣ። ከዚያ ዝም አሉ፤ የሰው መምጣት እንደሰሙ ሰዎች ዝም አሉ።

ሊፍቱ በሩን ከፈተላት። ከላይ ሦስተኛ ወንበር ተጎተተ።