ከሥር የታየችው መኪና

ጉሙ በዚያ ሳምንት አልተነሣም። የኔቪዮ ጋራዥ ያለው የፖ ወንዝን ጎርፍ ለመከላከል በተቆለለው ረጅም የአፈር ግድብ አናት ላይ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ወንዙም ሰፈሩም አይታዩትም ነበር፤ የሚታየው ከደጁ ጀምሮ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ እሱም ሃያ እርምጃ ያህሉ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ዓለሙ ሁሉ ወተት ነው።

መኪናዋ ከዚያ ወተት ውስጥ ወጣች። የጎረቤት ትራክተር ቀስ እያለ ይጎትታታል፤ ወይዘሮ ዲርቼ በጥቁር ካፖርታቸው አንድ እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ አሳርፈው፣ የታመመ ሰው እንደሚደግፍ ከጎኗ ይራመዳሉ።

ቀይ ናት፤ ቁመቷ ከኔቪዮ ወገብ እምብዛም አያልፍም። ሞተሯ እንደ ሌላው መኪና ከፊት ሳይሆን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ የሚቀመጥ፣ ለሩጫ የተሠራች ናት። የወይዘሮ ዲርቼ ባል ኤርሜስ ስብርባሪዋን ከአንድ ጎተራ አውጥተው ዐሥራ አራት ዓመት ሲጠግኗት ኖሩና በሐምሌ ዐረፉ።

“ድምፅዋን አንድ ጊዜ ልስማ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም” አሉ ወይዘሮ ዲርቼ። “በሚመጣው ፀደይ ባሕሩን አሳይሻለሁ እያለ ዐሥራ አራት ፀደይ ሸኘ።”

“አስነሣልዎታለሁ። ግን ይህን ያህል ዘመን የቆመች መኪና ሆዷ ሳይታይ ቁልፍ አይዞርባትም። መጀመሪያ መኪና ማንሻው ሊፍት ላይ ላውጣት።”

“ቀስ ብለህ ታዲያ። ልጅ ሆነህ እንኳ መሮጥ እንጂ መራመድ አታውቅም ነበር።”

“አሁን ቦርጩ ቀስ ያደርገኛል።”

ወይዘሮዋ ፈገግ አሉና በርጩማ ስበው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ።

ኔቪዮ እንዲህ ያለችውን መኪና ማንሣት ይወዳል። መሬት ለመሬት የምትሄድ ስለሆነች የሊፍቱ ክንዶች ከሥሯ አይገቡም፤ ስለዚህ በየጎማው ሥር ጣውላ አንጥፎ፣ እየገፋ አወጣት። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ በባትሪ መብራት አራቱን ቦታዎች ፈለገ። የጎኗ ቆርቆሮ ስስ ነው፤ ክንዱ እሱን ከያዘ እንደ ወረቀት ይጨማደዳል። መያዝ ያለበት ከውስጥ ያለው፣ አካሏን የሚሸከመው የሻንሲው ብረት ነው። አራቱንም በጣቱ ዳስሶ አገኛቸው፤ ላስቲክ የለበሱትን የክንዶቹን ጫፎች አንድ በአንድ አስጠጋ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ፣ ክብደቷ ያለበት ጀርባዋ ወደ ሊፍቱ ሁለት ምሰሶዎች እንዲቀርብ አድርጎ ነበር ያቆማት።

ቁልፉን ተጫነ። ሊፍቱ አጉረመረመ። ጎማዎቹ ከጣውላው አንድ ጣት ያህል ሲነሡ አቆመና እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ወዘወዛት። ጀርባዋ እንደ ባዶ ሣጥን ብድግ አለ፤ አፍንጫዋ ወደ ታች ዘመመ።

ወዲያው አወረዳት።

“ምን ሆነ?” አሉ ወይዘሮ ዲርቼ።

“ሞተሩ ውስጧ አለ?”

“የት ይሄዳል? ታሞ አልጋ እስኪይዝ ድረስ ማታ ማታ እሱን ሲሠራ አልነበር?”

የኋላው ኮፈን ተቆልፏል፤ ቁልፉም ጠፍቷል። መክፈቻው ሽቦ የሚገኘው ከሥር ብቻ ነው። ኔቪዮ ሌላ ቃል ሳይናገር መኪናዋን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ገፋት፤ ከፊት የከበደው አካሏ በምሰሶዎቹ መካከል ሆነ። አራቱን ቦታዎች እንደገና ዳሰሰ። አንድ ጣት አነሣት፤ ወዘወዛት፤ አልነቃነቅ አለች። ዞሮ አራቱንም ላስቲክ አየ፤ እንደገና ወዘወዛት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ የለቀቃት።

በጉሙ ውስጥ ቀይዋ መኪና ያለ አንዳች ግፊት የምትንሳፈፍ መሰለች፤ የወይዘሮ ዲርቼን ትከሻ፣ ከዚያም ራሳቸውን አልፋ ወጣች። ኔቪዮ ከቁመቱ በላይ ስትሆን በትንሹ ዝቅ አደረጋትና ክብደቷን በብረት መቆለፊያዎቹ ላይ አሳረፈ። ቋ፣ ቋ አለ።

“አሁን መግባት ይቻላል” አለ።

ሁለቱም ከሥሯ ቆሙ። የፍሬን ቱቦዎቹ አዲስ ናቸው፤ እያንዳንዱ ብሎን ተጠርጎ በቅባት ታሽቷል። ኔቪዮ ሽቦውን ሳበ፤ ኮፈኑ ከላይ ተከፈተ። ሞተሩ መኖር ከነበረበት ቦታ የጣሪያው መስኮት ነጭ ብርሃን ወርዶ ፊታቸው ላይ ዐረፈ።

ባዶ ነው። የቱቦዎቹ አፍ ሁሉ አቧራ እንዳይገባቸው ሰማያዊ መስመር ባለው ጨርቅ ታስሯል።

“የወጥ ቤቴ ፎጣ” አሉ ወይዘሮ ዲርቼ፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። “ታዲያ ማታ ማታ ምን ይሠራ ነበር?”

ኔቪዮ ይህን አያውቅም፤ ሞተሩ ለምን እንዳልተገጠመ ግን ገባው። ከአራት ዓመት በፊት ኤርሜስ እዚሁ ጋራዥ መጥተው፣ ቡናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ ያም ሆኖ ሲኒው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ማታ መጥተህ ጥቂት ብሎን ታጠብቅልኛለህ? አሉት። ከገና በኋላ፣ አላቸው። አልሄደም።

ይህንኑ ለወይዘሮ ዲርቼ ነገራቸው፤ ምንም አላስቀረም።

ወይዘሮዋ ወደ ብርሃኑ አንጋጠጡ። “የእጁን መንቀጥቀጥ እኔም አይቼ ነበር። ሸሚዙን ሲቆልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔም አትክልቱን የማይ መስዬ ወደ መስኮት እዞራለሁ። ሁለት ሽማግሌ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ።”

ያኔ ኔቪዮ ከሻንሲው ጋር በሽቦ የታሰረች ትንሽ ካርቶን አየ። ጽሕፈቱ እንደ ወፍ ዱካ ተበታትኗል። ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ጮክ ብሎ አነበባት።

“ሞተሩ ሮቪጎ ከተማ፣ ሞተር ሠሪው ቲኖ ዘንድ ነው። ኔቪዮ ይግጠመው።”

ወይዘሮ ዲርቼ ካርቶኗን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። “ከሥር ካላያት በቀር ይህችን ጽሑፍ ማንም አያገኛትም” አሉ። “እንዴት ያለ ሰው ነው። ለሚስቱ በአፉ ቢነግራት ምን ነበር?”

“አፍረው ይሆናል።”

“እኔ አፍርበት እንደሆነ ጠየቀኝ?”

ኔቪዮ ስልኩን አንሥቶ ቲኖ የሚባለውን ሰው ፈለገ፤ አገኘው። አዎ፣ ሞተሩ አለ፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሰው ይመጣል እየተባለ ሲጠበቅ ቆይቷል። ኔቪዮ ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረው። ከዚያ ፍሬኑንና መሪውን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ኤርሜስ የሠሩት ሁሉ እንከን አልነበረውም።

ካወረዳት በኋላ ወይዘሮ ዲርቼ በሩን ከፍተው መሪው ፊት ተቀመጡ። ካፖርታቸውን ሰበሰቡ።

“ቁልቁለቱ ላይ ሞተር ያስፈልጋታል?”

ኔቪዮ መንገዱን አየ። መጨረሻው ሜዳ ነው፤ በዚህ ሰዓት ማንም አያልፍበትም። ያም ሆኖ እስከ ታች በእግሩ ወርዶ አየና ተመለሰ። መኪናዋን ከደጁ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ገፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ከጎናቸው ገባ።

“ፍሬኑ መካከለኛው መርገጫ ነው። እጄ የእጅ ፍሬኑ ላይ ነው።”

“ባለቤቴ ያጠበቀውን ፍሬን አንተ ልታስተምረኝ ነው?”

እጁን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። መኪናዋ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ተንቀሳቀሰች፤ የሚሰማው ጎማው እርጥብ ቅጠል ሲረግጥ ብቻ ነው። ጉሙ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ረጃጅም ዛፎች እየመጡ ያልፋሉ። ወይዘሮ ዲርቼ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አፋቸውን በትንሹ ከፍተው፣ ወደማይታየው ያዩ ነበር። ሜዳው ላይ ቀስ፣ ቀስ እያለች በራሷ ቆመች።

ወይዘሮ ዲርቼ እጃቸውን ከመሪው አነሡ።

“ትራክተሩን ጥራው” አሉ። “ደግሞ ቅዳሜ ሮቪጎ ስትሄድ እኔም እመጣለሁ። ኤርሜስ ለእኔ ያልነገረኝን ለእሱ ነግሮት እንደሆነ ያን ሰውዬ እጠይቀዋለሁ።”