ሂላ ውስጥ የገባው ጩቤ

አስናቀው የመተማ ጎበዞችን ይዞ ሱዳን ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ ያስጨነቀው የቆላው ፀሐይ አልነበረም። ያስጨነቀው የእህቱ ልጅ ባንታምላክ ነው። እናቱ እናኑ ድንበር ድረስ ሸኝታ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነውና እንደወሰድከው አምጣልኝ ብላ በማርያም አስምላዋለች። ልጁ ደግሞ አፉ የማያርፍ፣ ደሙ ቶሎ የሚፈላ ጎረምሳ ነው። እንዲህ ያለውን ይዞ ሰው አገር መሄድ፣ ምን አለፋችሁ፣ ፍም በእቅፍ ይዞ መሄድ ነው።

እርሻው ሲደርሱ ጉድ ጠበቃቸው። የባለቤቱ ወኪል ጣሃ በዚያው ማሳ ላይ ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የመጡ የትግራይ ልጆችንም አስገብቷል። ያ ክፉ ጦርነት ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አቁሟቸው ነበር፤ በዚህም በዚያም ወንድሙን ያላጣ የለም። አስናቀው አቤት ቢል፣ ጣሃ ሰሊጡ አፉን ከፍቶ ሳይረግፍ ይታጨድ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ አለና መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

መጀመሪያ እነ ባንታምላክ ጩቤ ታጥቀው ማደር ጀመሩ። ያኞቹ ይህን አይተው መጥረቢያቸውን ራስጌያቸው አደረጉ። እነዚህ ዘብ አቆሙ፤ ያኞቹ እጥፍ አቆሙ። የተነካ ሰው የለም፤ እንቅልፍ ግን ከሁለቱም ሰፈር ተሰደደ። አስናቀው ቀን ቀን የልጁን እጅ ሲያይ ይውላል።

የውሃው በርሜል ያለው ከአንድ ዳስ ሥር ነውና፣ እኩለ ቀን ላይ ወደዱም ጠሉም አብረው ያርፋሉ። አንድ ቀን ራዲዮው አሜሪካና ሩሲያ የኒውክሌር መሣሪያቸውን ለመቀነስ የገቡት ውል በጥር እንደሚያበቃ፣ ይራዘም አይራዘም በሚለውም ሰዉ እንደሚከራከር አወራ። ባንታምላክ አላስችል አለው። አገር የሚጠበቀው ጠላቷ ሲፈራት ነው፣ መሣሪያውን የቀነሰ ሰው ኑና ግደሉኝ እንዳለ ይቆጠራል፣ አለ። መልስ የሰጠው ከወዲያኛው ወገን ነው፤ የእነሱ አለቃ ሙኡዝ፣ ድሮ ሁመራ ትራክተር ይነዳ የነበረ ረጋ ያለ ሰው።

«ውል ማለት መዋደድ አይደለም» አለ። «የምትፈራውን ሰው ዕቃ ቤት ገብተህ ማየት ነው።»

ባንታምላክ ዝም የሚል መሰላችሁ? ተቆጣጣሪዎቹ መመላለስ ከተዉ ዓመታት አልፈዋል፣ ራዲዮው ራሱ ብሏል፣ ታዲያ ደብቆ የሚያስቀምጠውን በምን ታውቃለህ፣ ብሎ አፋጠጠው። ሙኡዝ እውነትህን ነው አለና ውሃውን ጠጥቶ ተነሳ። አስናቀው እንዲህ በቀላሉ እውነትህን ነው የሚል ሰው አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሙኡዝ የሰዎቹን መጥረቢያ በሙሉ ተሸክሞ፣ ብቻውን ማሳውን አቋርጦ መጣ። የተደበቀውን የሚያሳይ ዘዴ አግኝቷል። የታጨደ ሰሊጥ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ይቆማል፤ ሲደርቅ ፍሬ መያዣው አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ወዲያ ሂላውን የነካ ሰው ሰሊጡን መሬት ላይ ሳያፈስ አይመለስም። እንግዲህ ዙሪያውን እንጥረግ፣ ጩቤውንም መጥረቢያውንም መሀል አድርገን ሂላ እናቁምበት፣ እስኪደርቅ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው አብረው ይጠብቁት፣ ከደረቀ በኋላ ራሱ ይጠብቃል፣ አለ። ባንታምላክ ማጭድም ይገድላል ቢለው፣ ማጭዱ እንጀራችን ነው፣ የሚቀነሰውን እንቀንስ፣ ብሎ መለሰለት። አስናቀው አንጀቱ ራሰ። እኔ ይህን ሰው ስፈራ የኖርኩት ምን ነክቶኝ ነው፣ አለ በልቡ፤ የራሱን ጩቤ ፈትቶ ቀድሞ አስቀመጠ። ጎበዞቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት። ሂላው በደረቀ ጊዜ ጠባቂዎቹ ትምባሆ መለዋወጥ ጀምረው ነበር፤ እንቅልፍም ተመለሰ።

አንድ ማለዳ ግን በሂላው ሥር ሰሊጥ ፈሶ ተገኘ፤ ነጭ በነጭ ሆኗል መሬቱ። የሙኡዝ ሰዎች ወደ መጥረቢያቸው ሊሮጡ ሲሉ አስናቀው ዞር ብሎ የእህቱን ልጅ ፊት አየና ገባው። ልሸፍንለት ይሆን ብሎ አሰበ፤ ግን ቢሸፍን ደም እንደሚፈስ አወቀ።

«የኛ ልጅ ነው» አለ። «ባንታምላክ፣ አውጣው።»

ልጁ ጩቤውን ከጉያው አወጣ። ትናንት ከሐምዳይት መጥቶ እነሱን የተቀላቀለ አዲስ ሰው አለ፣ የታጠቀውን ያየ የለም፣ ፈራሁ፣ አለ። ሰዎቹ አጉተመተሙ። ሙኡዝ እጁን አነሳ።

«እውነቱን ነው፤ አዲሱን ሰው ሳናሳያችሁ ማስገባታችን የእኛ ጥፋት ነው» አለ። «ውሉ ግን አልፈረሰም። ቢፈርስማ ሰሊጡ ባልነገረን ነበር።»

አዲሱን ሰው ጠርቶ ዳበሰው፤ በወገቡ ያለውን ቢላ አስወጣው፤ ቢላውን ከባንታምላክ ጩቤ ጋር ሂላው መሀል አስቀምጦ ነዶውን በገዛ እጁ መልሶ አቆመ። ከዚያ ማጭዱን አነሳና በባንታምላክ መስመር ከፊቱ ገብቶ፣ ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ ጎንበስ አለ።

ባንታምላክ ማጭዱን ጨብጦ ያንን የጎበጠ ጀርባ ሲያይ ቆየ። አንገቱ ድረስ ቀላ። ከዚያም፣ እስከዛሬ «ያ ሰውዬ» እያለ ይጠራው የነበረውን ሰው ትከሻውን ነካው።

«አያ ሙኡዝ፣ ቀና ይበሉ» አለ። «እርስዎ ከኋላዬ ይግቡ።»

አልፎት ፊት ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ማጨድ ጀመረ።