እንግዶቹ ፊት ውጪ

ኤምባሲያችንና የንግድ ቢሯችን በዚያች የዐረብ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ኪራይ ለመቆጠብ ነው አሉ። ይሁን፤ መንግሥትንም እንደኛው የቤት ኪራይ ያማርረዋል። ችግሩ በሩ አንድ መሆኑ ነው። ከአሠሪዋ ቤት ያመለጠች የወሎ ልጅም፣ በጥቁር መኪና የሚመጣ ነጋዴም በዚያችው በር ይገባሉ።

የመርሳው መካኒክ የሀብቴ ልጅ ብርቱካን እዚያ ከገባች ሰንብታለች። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቀምቶ ክንዷን በጋለ ብረት አቃጥሏት ነው የሸሸችው። ከመሰሎቿ ጋር የግቢው ዕቃ ቤት ውስጥ ትተኛለች። የኤምባሲው ሰዎች መመለሻ ወረቀት እንሰጣችኋለን እያሉ ዛሬ ነገ ይላሉ። ንግድ ቢሮው እንግዳ ሲጠራ ደግሞ የዕቃ ቤቱ በር ይዘጋባቸዋል። ገመና ለእንግዳ አይታይማ!

ትናንት፣ መርሳ ላይ ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት፣ ደውላ ነበር።

«አባዬ፣ ነገ ከቀትር በኋላ ትልልቅ ነጋዴዎች ይመጣሉ። ድምፃችሁ እንዳይሰማ ተብለናል።»

ሀብቴ እንኳን ኤምባሲ፣ ወረዳ ቢሮ ሲገባም እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። የሀገሩን ወግ ግን ያውቃል። በነሱ ወረዳ፣ በሀብሩ፣ የጨነቀው ሰው ድግስ ይጠብቃል፤ እንግዳው ተቀምጦ ሳለ ገብቶ ደጋሹ እግር ላይ ይወድቃል። በሰው ፊት የወደቀን መግፋት ነውር ነው። ደም የተቃቡ እንኳ እንዲህ ሆነው ታርቀዋል።

«እንግዶቹ ፊት ውጪ፣ ልጄ» አላት። «የንግድ ቢሮው ኃላፊ እግር ላይ ውደቂ። በሰው ፊት እምቢ አይልሽም።»

«እፈራለሁ፣ አባዬ።»

«አትፍሪ። እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

ዛሬ መርሳ ባዶዋን ልትቀር ነው። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራል፤ አስፋልቱ ወደ ደሴ በሚሸሽ ሰው ተጨናንቋል። የከብት ነጋዴው ሙሄዲን የሀብቴን ሚስት ጥሩወርቅን ከነጓዟ አይሱዙው ላይ ጭኖ፣ ሀብቴ ሞተሩን ጠግኖ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ብርቱካንን ሥራ ያስገባት እሱ ነው፣ በንግድ በሚያውቀው ሰው ቤት። ይኸው ጸጸት ሆኖበት ቀርቷል።

ሀብቴ ለልጁ የመከራትን ሲያጫውተው ሙሄዲን ከጋቢናው ዘሎ ወረደ።

«ዛሬ ነው ያልከኝ? ያ አላህ! የከብት ገዢዎቹ ናቸዋ! አዳማ ያለው ከብት ላኪያችን ነግሮኛል።»

«ቢሆኑስ?»

«ከፊት የሚቀመጠው የሷው አሠሪ ነው፣ ሀብቴ! የኛን ከብት እዚያ ከሱ በላይ የሚገዛ የለም። ኃላፊው ለልጅህ ብሎ እሱን ያስቀይማል? ወላሂ፣ እጇን ይዞ ነው የሚያስረክባት።»

ሀብቴ የእጁን ዘይት እንኳ ሳይጠርግ ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታ ሮጠ። ጫፉ ላይ አልፎ አልፎ ኔትወርክ ይገኛል ይባላል። ጥሩወርቅ ከመኪናው ላይ «ሀብቴ! ልታልቅ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰምቷታል፤ ግን አልዞረም። ልጄን ከድጡ ወደ ማጡ የገፋኋት እኔ ነኝ እያለ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ወጣ።

ጉብታው ላይ ደወለ። እምቢ አለ። ስልኩን ሽቅብ አንስቶ ዞረ፣ ድንጋይ ላይ ቆመ፣ ደግሞ ደወለ። «እመቤቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። ጠራ።

«ሃሎ?» አለች የማያውቃት ልጅ። «ብርቱካን ስልኳን ለኔ ሰጥታኝ ወጥታለች።»

«አባቷ ነኝ! መልሷት! እንግዶቹ ፊት እንዳትሄድ!»

«አይሰማም፣ ይቆራረጣል። አባቷ ነዎት? ውይ አባባ፣ እርስዎ በመከሩት እኮ ሁላችንም ተጽናናን! ጥበቃውን ለምና ወጣች። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ በመስኮት ትታየኛለች። ኃላፊው እግር ላይ ወደቀች... አባባ፣ ደስ ይበልዎት! ከፊት የተቀመጠው እንግዳ ተነሥቶ በእጇ ይዞ እያነሣት ነው።»

«ልቀቃት!» ብሎ ጮኸ ሀብቴ። መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ከታች ሙሄዲን ጡሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል።